በእትዬ በላይነሽ ደጅ ያለው ድንጋይ

ቆቦ፣ መስከረም 24

ወንድሜ ሙንተሲር፣

ሬዲዮ ከፍቶ የሩቅ አገር ወሬ እየሰማ «የእኔ ሰው አሁን እዚያ ምን እያደረገ ይሆን?» ብሎ ራሱን ያልጠየቀ ሰው ይኖራል? እኔ በየዜናው እጠይቃለሁ። አባዬ ደግሞ ዜናው ሲያልቅ ሬዲዮኑን ትቶ እኔን ያየኛል። የተማርኩት እኔ ነኛ፤ ትርጉሙን ከእኔ ይጠብቃል።

አሰላሙ ዐለይኩም። እማዬ ደህና ናት፣ አባዬ ደህና ነው፣ እኔም አልሃምዱሊላህ። «ስልክ እያለ ወረቀት ለምን ታበዢያለሽ?» ላልከው፣ መልሱን አንተም አታጣውም። ኔቱ አንድ ሳምንት መጥቶ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ሲመጣም እማዬ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ መሀል ቤት ታስቀምጠዋለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ በየተራ ሰላም ይልሃል፣ አንተም «ደህና ነን፣ ደህና ነን» እንዳልክ ሂሳቡ ያልቃል። ስልኩ ለእማዬ ይሁን፣ ወረቀቱ ለእኛ። ታሂር ለልብስ ንግዱ እስከተመላለሰ ድረስ መልእክተኛ አናጣም።

«ሥራው እንዴት ሆነ?» ብለሃል። ቆቦ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ። አንዱ ኃላፊ «ምንድን ነው የተማርሽው?» አለኝ። «ዓለም አቀፍ ግንኙነት» አልኩት። «ታዲያ ከቆቦ ጋር ምን አገናኘሽ?» አይለኝም? ሳቅሁ እንጂ ምን እላለሁ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም፤ ለሦስት ቦታ ማመልከቻ ልኬያለሁ፣ አንዱ ይሳካል ኢንሻአላህ።

እስከዚያው ግን ሥራዬ ማማ ላይ ነው። ማሽላው እሸት ይዟል፣ ግሪሳውም እንደ ደመና እየሆነ ከቆላ መጥቷል። ጠዋት ወጥቼ ወንጭፌን ስወነጭፍ እውላለሁ። ባለፈው ሰሞን ድንጋዬ ወፉን ስቶ የድንበርተኛችን የእትዬ ሳሊሀ ፍየል እግር ላይ አረፈ። አባዬ «ተማረች ያልኳት ልጄ የሰው ፍየል ሰበረች» ብሎ ጉልቻ የሚያህል ድንጋይ ትከሻዬ ላይ ጫነና፣ እንደ ሽምግልናው ወግ እሳቸው ደጅ አቆመኝ። እትዬ ሳሊሀ በሳቅ ፈረሱ። «አውርጂ፣ አውርጂ፣ ፍየሏ ራሷ ይቅር ብላሻለች» አሉኝ። ድንጋዩ እስካሁን አጥራቸው ሥር ነው።

አብሮህ የሚሠራው አለሙ ከደብዳቤህ ግርጌ «ይተኮሳል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝን አልረሳሁም። መልሴን ጮክ ብለህ አንብብለት። ለመመረቂያ የጻፍኩት ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ሁለት ጉልበተኞች ሚሳይል ደግነው ሲተያዩ፣ ቀድሞ የተኮሰው እሱም አብሮ እንደሚቃጠል ያውቃል። ስለዚህ አይተኮስም፤ ዛቻው ለመፈራሪያ ነው። ቢተኮስ እንኳ እናንተ ያላችሁበት ከተማ መከላከያ ሚሳይል ተተክሎለታል። የሚመጣውን ገና ሰማይ ላይ እያለ ሄዶ ይመታዋል። እኔ ከማማዬ ላይ የማደርገው ማለት ነው፤ የእነሱ ግን አይስትም።

የቪዛውን ነገር እባክህ አስብበት። እዚያ ቢሮ ውስጥ መሥራት አያቅተኝም፣ እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነው፣ አረብኛውንም እየተማርኩ ነው።

እህትህ ሀጀራ


ከካምፓችን፣ ጥቅምት 8

ለውድ እህቴ ሀጀራ፣

እንደምን ሰንብታችኋል? ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ፤ ፈረቃ ተቀያይሮብን ነው። እኛ ደህና ነን። ሙቀቱ ትንሽ በርዷል፣ ምግቡም ያው ነው። የአባዬን የጉልበት ቅባት ለታሂር ሰጥቼዋለሁ፣ ተቀበይው።

ስለ ቪዛው፣ አሁን አትምጪ። ለምን አትበይኝ። ቀንቼብሽ አይደለም፣ ሴት ነሽ ብዬም አይደለም። ትንሽ ቆዪ ነው የምልሽ።

«የምታዩት ነገር አለ ወይ?» ብለሽ በስልክ በሹክሹክታ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ያኔ ሰው ስለነበረ አልመለስኩልሽም። የሠራተኞች ካምፓችን በጦር ሰፈሩና በከተማው መሀል ነው። መከላከያ የምትያቸው ከአጥሩ ወዲያ ይታያሉ። የተደረደሩ ረጃጅም ሳጥኖች ናቸው፣ አፋቸውን ወደ ባሕሩ ማዶ አዙረዋል። በቀደም ሌላ ጨመሩ። ማዶ ያሉት ይህን ሲሰሙ እነሱም ጨመሩ ተባለ። እነዚህ ደግሞ ያን ሰምተው እንደገና ጨመሩ። እኛ የሁለቱንም የምንሰማው ከሱቁ ቴሌቪዥን ነው። ፎቶ ያነሳ አንድ ፊሊፒናዊ ታስሯል። የአገር ስም አልጽፍም፣ አንቺም አትጻፊ።

ወንድምሽ ሙንተሲር

አምባሳደር ሀጀራ፣ ይቺን ከታች የምጽፈው እኔ አለሙ ነኝ። መልስሽን ሁለቴ አነበብኩት። «አይስትም» ያልሽው ተመችቶኛል፤ ወንድምሽ ግን አላመነሽም፣ ጫማውን አድርጎ ነው የሚተኛው። እኛ አገር ጎብዬ ብቅ ካልሽ እናቴን ሰላም በይልኝ። የላክሁላትን የአንገት ልብስ ለማን እንደምታስቀምጠው ጠይቂያት። ከነላስቲኩ ነው ያለው አሉኝ። ትልበሰው በቃ። ደግሞ የፍየሏ እግር እንዴት ሆነ? ይህን ሳትነግሪኝ እንዳትቀሪ።


ቆቦ፣ ጥቅምት 26

ወንድሜ ሙንተሲር፣

አልሃምዱሊላህ። ይህን የምጽፍልህ በደስታ ነው።

ሐሙስ «ተተኮሰ» ሲባል ኔቱም የዚያኑ ዕለት ጠፋ። እማዬ ከመስገጃዋ አልተነሳችም። አባዬ ሬዲዮኑን ከጆሮው አልነቀለም። ዓርብ በዜና «ሁሉም አየር ላይ ከሽፈዋል፤ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም» ተባለ። በሌላ ጣቢያ ፈለግነው፣ እሱም እንደዚያው አለ። አይተኮስም ያልኩት ስህተት ነበር፣ አምናለሁ። አይስትም ያልኩት ግን ልክ ሆነ። አባዬ «ይቺ ልጅ ለካ የምታውቀው ነገር አለ» ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገነኝ።

ከዚያ የአለሙ እናት እትዬ በላይነሽ ትዝ አሉኝ። ለእሳቸው ማን ይነግራቸዋል? ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎብዬ ሄድኩ። የመተኮሱን ወሬ ከገበያ ሰምተው እህል አልቀመሱም ነበር። ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኜ «የምሥራች» አልኳቸው። «ምሥር ብዪ» ማለቱን እንኳ ረስተው አጥሩን ይዘው አዩኝ። ሁለተኛ ደገምኩላቸው፤ «ሁሉም አየር ላይ ነው የተመታው እትዬ፣ አንድም ሰው አልተነካም።» አልገባቸው ሲል መሬት ላይ ቁጭ ብዬ በወንጭፍ አስረዳኋቸው። ወፉ ማሽላው ላይ ሳያርፍ እንደመምታት ነው አልኳቸው። ያኔ ነው ያለቀሱት። ጉልበቴን ይዘው አለቀሱ።

ልወጣ ስል ወደ ጓዳ ገብተው የአለሙን የአንገት ልብስ ከነላስቲኩ ይዘው መጡ። «ኧረ እትዬ፣ እሱ ለእርስዎ ነው የላከው» ብል ማን ሊሰማኝ። «የምሥራች ነግረሽኝ በባዶ እጅሽ ልሸኝሽ?» ብለው ራሳቸው አንገቴ ላይ ጠመጠሙት። አረንጓዴ ነው፣ ዳሩ ላይ ወርቃማ ክር አለው። አሁንም አንገቴ ላይ ነው። ለአለሙ ንገረው፤ ለማን ያስቀምጡት እንደነበር ታውቋል። ይሳቅ። የፍየሏም እግር ድኗል፣ አጥር መዝለል ጀምራለች በለው።

ሁለታችሁም ጻፉልኝ። ቶሎ።

ሀጀራ


ከካምፓችን፣ ኅዳር 4

ለውድ እህቴ ሀጀራ፣

እንደምን ከረምሽ? እማዬ እንደምን ናት? አባዬስ? እትዬ ሳሊሀስ? ማሽላው ታጨደ? ግሪሳው ብዙ ጎዳችሁ ወይስ ተረፈ? የላካችሁትን ሰላምታ ሁሉ አግኝቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ አንገት ልብሱ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ዛሬ ረዘም አድርጌ አልጽፍም፣ ታሂር ቸኩሏል። አለሙም አልጻፈም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እትዬ በላይነሽ አሁን ከማን ጋር ነው የሚኖሩት? ወንድማቸው ከአላማጣ ተመልሷል? ድሮ ልባቸውን ያማቸው ነበር፣ አሁንስ እንዴት ናቸው? የሚቀርባቸው ቄስ ማን እንደሆነ ብታውቂ ጻፊልኝ።

ለጊዜው ጎብዬ አትመላለሺ። ከሄድሽም ስለ እኛ ብዙ አታውሪ።

ወንድምሽ ሙንተሲር


ቆቦ፣ ኅዳር 12

ሙንተሲር፣

ሁልጊዜ «ደህና ነን» ነበር የምትለው። አሁን «ደህና ነኝ» ብለሃል። ደብዳቤውን አገላብጬ ከጀርባውም ፈለግሁ። ስለ ፍየሏ ምንም የሚለኝ ሰው የለም።

ትናንት ኔቱ መጥቶ ስትደውል እማዬ «አለሙን አገናኘኝ እስቲ» አለችህ። «መስመሩ ተቋረጠ» ብላ ስልኩን አስቀመጠችው። መስመሩ አልተቋረጠም ነበር። ስትተነፍስ ሰምቼሃለሁ።

ቄስ የጠየቅከኝ ለምንድን ነው?

እትዬ በላይነሽ «ልጄ ድምፁ ጠፋ፣ ምን ሆኖ ነው?» ብለው በሚኒባስ ረዳት ልከውብኛል። «ኔት የለም» ብዬ መለስኩ። ሁለተኛ እንደዚህ ብዬ መመለስ አልችልም። አንገት ልብሱን አውልቄ ሳጥን ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ለምን እንዳወለቅሁት አላውቅም።

ንገረኝ። አፈር ስሆንልህ ንገረኝ።

ሀጀራ


ከካምፓችን፣ ኅዳር 19

ሀጀራ፣

እሺ። ይቅር በይኝ። መጀመሪያ ተቀምጠሽ አንብቢው፣ እማዬም አጠገብሽ አትሁን።

አለሙ ሞቷል። ሐሙስ ዕለት ነው፣ የመጀመሪያው ቀን። አንቺ ጎብዬ የሄድሽው ቅዳሜ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ያጠበውን ልብስ ጣሪያ ላይ ሊያሰጣ ወጣ። ሳይረኑ ሲጮህ ከታች ሆኜ «ውረድ» አልኩት። የመለሰልኝን አንድ ቀን በአካል እነግርሻለሁ፤ አሁን አትጠይቂኝ። መከላከያው አልሳተም። እንዳልሽው ሰማይ ላይ አገኘው፣ ልክ ከእኛ በላይ። ካምፑ ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ከዚያ ብረቱ መውረድ ጀመረ።

በዜና «ጉዳት የለም» ሲሉ ሱቁ ውስጥ ቆሜ እሰማ ነበር። ከተማው አልተነካም፣ እውነታቸውን ነው። እኛ ያለንበት እንደ ከተማው አይቆጠርም መሰለኝ።

ድርጅቱ «ከጣሪያ ወድቆ ሞተ» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። «ምስክር ሆነህ ካልፈረምክ ሬሳው አገሩ አይገባም» አሉኝ። እናቱን አሰብኩ። ባዶ ሳጥን እንኳ ሳያገኙ ሲቀሩ ታየኝ። ፈረምኩ። ሳምንቱን ሙሉ በዚያች እጄ መብላት ከብዶኝ ነበር።

ሬሳው በዚህ ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ይደርሳል። ታሂር ተረክቦ ያመጣዋል። ከዚያ በፊት ሽማግሌዎቹና ቄሱ መርዶውን ለእናቱ ይንገሯቸው። አንቺ አትንገሪ። «ወደቀ» በሏቸው። ሌላ ነገር ከተወራ እዚህ ይደርሳል፣ እኔም አልተርፍም። ደግሞ እንዲያ ከተባለ ያንቺም የምሥራች ውሸት አይሆንም። በሚሳይል የተነካ ሰው የለም እንዳልሽ ይቀራል።

ፊቱ ደህና ነው። አጥቤዋለሁ። ይህን ለእናቱ ንገሪልኝ፤ ይህ እውነት ነው።

አብሽሪ እህቴ።

ሙንተሲር


ቆቦ፣ ታኅሣሥ 3

ወንድሜ ሙንተሲር፣

«እንዴት ሆነ?» ብለህ በታሂር በኩል ልከሃል። እጽፍልሃለሁ፣ ግን ሁሉን ለመጻፍ አቅም የለኝም።

መርዶው ጎህ ሲቀድ ተነገረ። ቄሱ ነበሩ፣ የሁለቱም ሃይማኖት ሽማግሌዎች ነበሩ፣ አባዬም ሄዷል። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ነበርኩ። «ወደቀ» ነው የተባለው። ሬሳው ሲመጣ የጎብዬ ገበያ ተዘጋ። መቃብሩን የእኛም ሰዎች ቆፍረዋል። ፊቱ ደህና እንደነበረ ነግሬያቸዋለሁ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሠልስቱ ማግሥት አስጠሩኝ። ጓዳ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ።

«ነይ አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ። «የምሥራች ብለሽኝ የመጣሽ ዕለት፣ ልጄ ነበር?»

መጽሐፍ ላይ ብዙ ከባድ ጥያቄ ተፈትኛለሁ። እንደዚህ ያለ አልገጠመኝም።

«አልነበረም እትዬ።»

«እንዲያ ነው። እኔ ዕለቱን ቆጥሬ ደርሼበታለሁ። ከጣሪያ ነው የወደቀው?»

«አዎ» ብል ያልቅ ነበር። አንተም እንደዚያው ብለኸኛል፣ ሽማግሌዎቹም እንደዚያው ብለዋል፣ ለእኔም የሚበጀኝ እሱ ነበር። ጉልበቴን ይዘው ያለቀሱበት ቀን ትዝ አለኝና አፌ እምቢ አለኝ። ነገርኳቸው። ለሌላ ሰው እንዳይናገሩ፣ አንተ እዚያ እንዳለህ አብሬ ነገርኳቸው። «ሙንተሲር የእኔም ልጅ ነው» አሉ። ከእሳቸው አይወጣም፣ አትፍራ።

ከዚያ «የትኛው ነው ያገኘው? የላኩት ነው ወይስ የመለሱት?» አሉኝ።

«አይታወቅም እትዬ። ተጋጭተው አንድ ላይ ነው የወረዱት።»

«ጥሩ። እዚህ አገር ሰው ሲገደል ገዳዩ ይታወቃል። ዘመዱ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ ይቆማል። ብፈልግ እምቢ እላለሁ፣ ብፈልግ አውርድ እላለሁ። አሁን እኔ ደጅ ማነው የሚቆመው?»

የሁለቱንም የሚሳይል ዓይነት፣ ክብደቱን፣ የሚሄድበትን ርቀት በቃሌ አውቀዋለሁ። ጎብዬ ድረስ የሚመጣ አንድ ሰው ግን ስሙን ልጠራላቸው አልቻልኩም።

ቤት ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በነጋታው እትዬ ሳሊሀ አጥር ሥር ሄጄ ያን ድንጋይ ፈለግሁት፤ ሣር በቅሎበታል። አባዬ ከሩቅ አየኝ። «ምን ልታደርጊ ነው?» አላለኝም። መጥቶ አንሥቶ ትከሻዬ ላይ ጫነልኝ። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ «ጎብዬ ድንጋይ አለቀ እንዴ እህቴ?» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀ። ከዚያ ፊቴን ሲያይ ሒሳብም አልተቀበለኝም።

ደጃቸው ደርሼ ቆምኩ። ወጥተው አዩኝ።

«አንቺ ምን አጠፋሽና?»

«ሌላ የሚመጣ ስለሌለ ነው እትዬ።»

አውርጂ አላሉኝም። የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ጀመር። ፀሐዩ በርትቶ ነበር፣ ትከሻዬ እየተላጠ ነበር፣ እኔም እንዲሉኝ አልፈለግሁም። ቆይተው ተነሡና ገብተው ውኃ አመጡ። ድንጋዩ ትከሻዬ ላይ እንዳለ በእጃቸው አጠጡኝ። ከዚያ በሁለት እጃቸው አቅፈው አወረዱት፣ መቃኑ ሥር አስቀመጡት።

አንገት ልብሱን አጥፌ ይዤ ነበር፣ ዘረጋሁላቸው። «የምሥራች ስጦታ ሲመለስ የት አይተሻል? ልበሺው። መርጦ ነው የላከው» አሉኝ። ልሄድ ብዬ ድንጋዩን ላነሣ ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተይው እዚያው ይቀመጥ» አሉ። «ሌሎቹ ሲመጡ ከየት ያገኛሉ?»

የቪዛውን ነገር ተወው። ካመለከትኩባቸው አንዱ ለፈተና ጠርቶኛል፣ እሄዳለሁ፤ አሁንም ተስፋ አልቆረጥኩም። አንተ ግን ኮንትራትህ ሲያልቅ ና።

ከመምጣትህ በፊት ግን አንድ ነገር ጻፍልኝ። እትዬ በላይነሽ የልጃቸውን የመጨረሻ ቃል ጠይቀውኛል። «ውረድ» ስትለው ምን ብሎ እንደመለሰልህ እኔ የማውቀው ይመስለኛል። የእኔ ስምና ያ «አይስትም» ያልኩት ያለበት ቢሆንም ጻፈው፣ አታለሳልሰው። ይዤው ጎብዬ እሄድና ደፉ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ታሂር ሐሙስ እዚያ ይደርሳል፤ መልስህን በእሱ እጅ ስጥልኝ።

እህትህ ሀጀራ